ታች በቀኝ በኩል

ሴትዮዋ ከሌሊት ሥራ ወደ ቀን የተዛወረች ሰሞን፣ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ቦታ የቀየረው የባሏ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። ለዓመታት ከመኝታ ቤቱ ርቆ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ መስኮት በሌለበት ጥግ ተገፍቶ ኖሯል። ባሏ ከእግሮቹ ሥር ያረጀ ብርድ ልብስ አጣጥፎ አንጥፎለት፣ በሩን ዘግቶ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርቶ ይሰፋ ነበር። ሚስቱ ሌሊት ሠርታ ቀን ስለምትተኛ ነው። ቤቱ በሙሉ የእሷን እንቅልፍ ታቅፎ በጣቱ ይራመድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስልክ አይጮህም፤ ድስት ከድስት አይጋጭም፤ እንግዳ ቢመጣ ደጅ ላይ ተጫውቶ ደጅ ላይ ይሸኛል። ልጃቸው እንኳ አፏን የፈታችው በሹክሹክታ ነው። ትምህርት ቤት በገባች ጊዜ አስተማሪዋ ጉሮሮዋን ሐኪም እንዲያይላት ጠይቃ ነበር።

"ጉሮሮዋስ ደህና ነው" አለ አባትየው። "እናቷ ተኝታ ነው።"

የሴትዮዋ ሥራ ጥበቃ ነበር፤ ግን ዱላ ይዞ በር ላይ የሚቆሙበት ዓይነት አይደለም። የሌሎችን ድርጅቶች ኮምፒውተሮች ከሩቅ የሚጠብቅ ኩባንያ ውስጥ፣ ምድር ቤት በሚገኘው የክትትል ክፍል ተቀምጦ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነው። የሆነ ባንክ፣ የሆነ ሆስፒታል፣ የሆነ መጋዘን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ያልለመደው ነገር ሲገጥመው ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ብቅ ይላል። ጠባቂው ያነበዋል። ሰርጎ ገብ ከሆነ ይጮሃል። ካልሆነ ታች በቀኝ በኩል ያለችውን "ዝጋ" የምትል ቁልፍ ይጫንና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰርጎ ገብ አይደለም። የይለፍ ቃሉን የረሳ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ወይም ዕረፍት ላይ ሆኖ ከዘመድ ቤት ደብዳቤውን ልይ ያለ ሐኪም ነው። ድመት በዘለለችበት ቁጥር የሚጮህ መኪና ካለው ሰው አጠገብ እንደ መኖር ነው። ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ከዚያ ይናደዳል፣ ከዚያ አይሰማም። እጁ ብቻ ይሰማል።

ሥራዋን እንድትቀይር ያደረጋት ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ወላጆች ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር። ሌሊቱን ሠርታ በቀጥታ ሄደች። ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተሸጉጣ ተቀመጠች፤ አስተማሪዋ ስለ ንባብ መናገር ስትጀምር ታስታውሳለች። ስትነቃ ክፍሉ ባዶ ነው። ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሩን በዓይኗ ትጠብቃለች።

"ሰዎቹስ?" አለች እናትየው ዓይኗን እያሸች።

"ቀስ ብዬ አስወጣኋቸው" አለቻት ልጅቷ በሹክሹክታ።

 እናትየው ከትንሿ ወንበር ተነስታ የልጇን እጅ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ነው ማጥናት የጀመረችው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ባለበት፣ "ፕሮዳክት ማናጀር" የሚባሉ ሰዎች እንዳሉ ታውቅ ነበር፤ ምን እንደሚሠሩ ግን በወጉ አታውቅም ነበር። አንብባ፣ ጠይቃ፣ ኮርስ ወስዳ ሲገባት ለባሏ ነገረችው።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?" አላት፣ ስፒል በከንፈሩ እንደነከሰ።

"የምንሸጠው ፕሮግራም ምን መሥራት እንዳለበት፣ የቱ መቅደም እንዳለበት የሚወስን ሰው።"

"አለቃ ነዋ!"

"አይደለም። የሚያዘው ሰው የለም።"

"ታዲያ ማን ይሰማዋል?"

"ይለምናል።"

ባሏ ስፒሉን አውጥቶ ጨርቁ ላይ ሰካ። "እንግዲያው እኔም ፕሮዳክት ማናጀር ነኝ በይኛ" አለ። "ዕድሜዬን በሙሉ እጅጌው ይጠርብህ፣ ወገቡ ይስፋልሽ እያልኩ ሰው ስለምን የኖርኩት!"

ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ የጠየቀቻት የሦስተኛው ፎቅ አለቃ ናት፤ በዕድሜ ከእሷ የምታንስ፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር፣ ክፋት የሌለባት ሴት። "ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?" አለቻት። ሴትዮዋ ለዚህ ጥያቄ ያማረ መልስ አጥንታ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን "ደክሞኛል" የሚል ነው።

"ምን አልሽ?"

ፊቷ ጋለ። "ጠባቂዎቹ ደክሟቸዋል ማለቴ ነው" ብላ አቃናችው። "የሚሠሩበት ዕቃ ነው የሚያደክማቸው። ያንን ዕቃ የሚሠሩት ሰዎች ሌሊት ምድር ቤት ተቀምጠው አያውቁም።"

አለቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ሥራው በዚያች ዓረፍተ ነገር ተገኘ። ሦስት ወር ሙከራ ተሰጣት። "ካልሆነልሽም አትጨነቂ" አለቻት አለቃዋ ለደግነት ብላ። "የቀድሞ ወንበርሽ ሰው ገብቶበታል፤ ግን ምድር ቤት ለሌሊት ሁልጊዜ ሰው ይፈለጋል።"

ሴትዮዋ "አመሰግናለሁ" ብላ ወጣች። ያቺ የደግነት ቃል ግን ሦስቱን ወር ሙሉ ጀርባዋ ላይ ተለጥፋ ሰነበተች።

የቀን ሰው መሆን እንዳሰበችው አልነበረም። የመስኮቱ ብርሃን ዓይኗን ስለሚወጋት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው ፊቷን አጨማድዳ ነው፤ የማያውቋት ሰዎች ተቆጥታ ይመስላቸው ነበር። እኩለ ቀን ላይ ዓይኗ ቦዘዝ ይላል። ማታ ደግሞ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ኮርኒሱን ስታይ ታመሻለች። ድካሙ የሌሊት ሥራ የሚያመጣው ይመስላት ነበር፤ ለካ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቤት ሠርቷል። ሦስተኛ ፎቅ ሁሉም ስለ "ተጠቃሚው" ያወራል፤ ተጠቃሚው ይህን ይወዳል፣ ተጠቃሚው ያን አይወድም። እሷ "ተጠቃሚው" በተባለ ቁጥር የሚታያት አንድ ሰው ነው፤ ሹራባቸው ላይ የዳቦ ፍርፋሪ የማይጠፋው ሻለቃ።

ሻለቃ ወታደር ሆነው አያውቁም። ምድር ቤት ሲቀመጡ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣላቸው። ከእሷ ወንበር አጠገብ ለዓመታት ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ጡረታቸው ስለተቃረበ በቅርቡ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛውረዋል።

ሌላው አብሯት የሚሠራው መሐንዲሱ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሁሉም "አይቻልም" ነው የሚለው። ምንም ነገር ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመልሰው እሱን ነው፤ ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን ያደርግና ሄዶ ይሠራዋል። "እንደምን አደርክ?" ሲሉትም "አይቻልም" ይላል እየተባለ ይቀለድበታል።

ከእሱ ጋር የሠሩት ዕቃ "አጣሪው" ይባላል። ሐሳቡ የእሷ ነው። ጠባቂው ላይ ማስጠንቀቂያ እንደ በረዶ ከሚወርድበት፣ አጣሪው የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ሰብስቦ አጭር ማጠቃለያ ያወጣል። "እነዚህ ሁሉ አንድ የይለፍ ቃሉን የረሳ ሠራተኛ ናቸው" ይላል ለምሳሌ። ከዚያ ይጠይቃል፤ ልክ ነው? ልክ አይደለም? ጠባቂው ሁለት ሦስት ጊዜ "ልክ ነው" ካለው አጣሪው ይማርና፣ ያንን ዓይነት ነገር ከእንግዲህ ማንንም ሳያስቸግር ራሱ ይዘጋዋል። ሰውን የማያስነሳ፣ ለእውነተኛው ሌባ ብቻ የሚጮህ ዕቃ። ሌሊት ሌሊት ስትመኘው የኖረችው እሱን ነው።

ንድፉን የምትሠራው ልጅ "ቁልፎቹን የት ላድርጋቸው?" ብላ ስትጠይቃት ሴትዮዋ አላመነታችም። "'ልክ ነው' የሚለውን ታች በቀኝ በኩል አድርጊው" አለቻት። "እጃቸው የለመደው እዚያ ነው። አይቸገሩ።"

አጣሪው በመጀመሪያ የተሞከረው በገዛ ምድር ቤታቸው ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሦስተኛ ፎቅ ደስታ በደስታ ሆነ። ጠባቂዎቹ ከመቶ ዘጠና ምናምኑን "ልክ ነው" ብለውታል። አለቃዋ ኮሪደር ላይ አቅፋ ሳመቻት። ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ይደረጋል፤ ከሰዓት አንድ ትልቅ ሆስፒታል ለመፈራረም ይመጣል፤ የእሷም የሙከራ ጊዜ እዚያው ስብሰባ ላይ ይዘጋል ተባለ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሻለቃን ልታመሰግን ወደ ምድር ቤት ወረደች።

"ኧረ ወንበር ልቀቁ! ከሰማይ ቤት ሰው ወረደ!" አሉ ሻለቃ ገና ከበሩ ሲያዩዋት።

"አያሹፉብኝ እንጂ፣ ሻለቃ።"

"ማን ያሾፋል? መልክሽ ተመልሷል እኮ። እዚህ ሳለሽ እንደ ደብተር ወረቀት ነጥተሽ ነበር።"

አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። የቤታቸውን ጣሪያ ነገር ያነሱላት ጀመር። ዝናብ ያስገባል፤ ሠራተኛ ጠርተው ነበር፤ ሰውየው ወጥቶ ሲደበድብ ውሎ ደህናውን ጎን ጠግኖላቸው ወረደ። "እኔ ከታች ሆኜ 'በግራ! በግራ!' እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነው ለካ የቆመው! የሱን ግራ ነው የሚደፍነው!" ሴትዮዋ ሳቀች። ሻለቃ እጃቸው በሌላኛው በኩል ሥራውን ይሠራል። ማጠቃለያው ብቅ ይላል፣ ጣታቸው ጠቅ ያደርጋል። ብቅ፣ ጠቅ። ዓይናቸው እሷ ላይ ነው።

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

"ሻለቃ፣ አሁን የተጫኑት ምን ይላል?"

"የቱ?"

"አሁን። አሁን ያለፈው።"

"ማጠቃለያ ነዋ።" ወደ ስክሪኑ መለስ አሉ፤ ሌላ መጥቷል። "ዕቃሽ ጥሩ ነው፤ አትጠራጠሪ። ሥራ አቅልሎልናል፤ ተባረኪ።"

"አንብበውታል ወይ?"

ሻለቃ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ቁጣ የለባቸውም፤ የገረማቸው ነው የሚመስሉት። "እህቴ" አሉ ዝግ ብለው፣ "አንቺስ ታነቢ ነበር?"

 ሌላ ማጠቃለያ ብቅ ሲል የእሷም ጣት ጭኗ ላይ ጠቅ ብሏል። ወደ ታች፣ በቀኝ በኩል። ማንም ሳያዘው።

 ያ ሁሉ "ልክ ነው" የማንም አስተያየት አልነበረም። "ዝጋ" ነበር። ለዓመታት "ዝጋ" የኖረበት ቦታ ላይ "ልክ ነው"ን ያስቀመጠችው ደግሞ እሷ ናት፤ እንዳይቸገሩ ብላ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁልፉን የትም ሊያደርገው ይችል ነበር። ምድር ቤት የኖረ ሰው ብቻ ነው እዚያች ቦታ ላይ የሚያስቀምጠው። አጣሪውም የተማረው ማንም ካላያቸው ነገሮች ነው። ነገ ሰርጎ ገብ ሲመጣ፣ እሱንም የይለፍ ቃል ከረሱት ሠራተኞች ጋር ቆጥሮ በሩን በቀስታ ይከፍትለታል።

ቤት ስትደርስ የስፌት መኪናው በአዲሱ ቦታው፣ መስኮቱ ሥር እየጮኸ ነው። ልጅቷ ወጥ ቤት ዕቃ እያጠበች በሙሉ ድምፅ ትዘፍናለች። በእነዚህ ወራት የተማረችው ነው። ድምፅ እንዳላት ገና እንዳወቀ ሰው፣ ቃሉን እየጎተተች፣ ውኃውን እያንቦጫረቀች ነው የምትዘፍነው። ሴትዮዋ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት።

ለባሏ ነገሩን ሁሉ ዘረዘረችለት። መኪናውን አቁሞ አዳመጣት።

"ማን ያውቃል ይህን?" አለ።

"እኔ።"

"ካንቺ ሌላስ?"

"ማንም።"

ባሏ ጨርቁን እያለሳለሰ ቆየ። ክፉ ሰው አይደለም። "ሐሙስን ብቻ እለፊያት" አላት። "ከዚያ ውስጥ ሆነሽ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ። አሁን ከተናገርሽ ግን ማን ያስተካክለዋል? ያኔ አንቺ ምድር ቤት ነሽ።"

"ከሐሙስ በኋላ ዕቃው ሆስፒታል ይገባል።"

"ቢገባስ?"

"ሌባ የገባ ቀን የሚጠየቁት ሻለቃ ናቸዋ። 'ልክ ነው ብለው ፈርመዋል' ነው የሚባሉት። ስማቸው ተጽፎ ይቀመጣል እኮ፣ እያንዳንዷ ጠቅታ ላይ።" ድምፏ ተሰበረ። "እኔ ነኝ ያስፈረምኳቸው።"

ባሏ ወደ ወጥ ቤቱ አየ። ዘፈኑ ቆሟል። ልጆች የወላጅ ድምፅ ሲለወጥ አያመልጣቸውም። እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ጨርቅ የሌለበትን መርፌ ባዶውን ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሰው። "እኔማ ምን አውቃለሁ" አለ በመጨረሻ። "ብርሃኑን ለምጄው ነው።"

ረቡዕ ጠዋት መሐንዲሱ ጠረጴዛ አጠገብ ሄዳ ቆመች።

"አይቻልም" አለ ቀና ሳይል።

"ገና አልጠየቅኩህም እኮ፣ ወንድሜ።"

"ፊትሽ ጠይቆኛል።"

"ሁለቱን ቁልፎች አቀያይርልኝ። 'ልክ አይደለም' ታች በቀኝ ይሁን። ለዛሬ የቀን ፈረቃ ብቻ። ዛሬ የሚመልሱትን ደግሞ አጣሪው እንዳይማርበት።"

ለምን እንደሆነ ስትነግረው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ሲያደርግ አይታው አታውቅም። "ነገ ሐሙስ ነው" አላት።

"አውቃለሁ።"

"የኔም ልፋት ነው እኮ።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

ጣቶቹን አፍተልትሎ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ነገሩ ብዙም አልፈጀበትም። ከምሳ በኋላ ጠርቶ ስክሪኑን አሳያት። ያው ጠባቂዎች፣ ያው ዓይነት ማስጠንቀቂያ፤ አሁን ሁሉም "ልክ አይደለም" ሆኗል። የመጀመሪያው ውጤት ሥዕል ተገልብጦ የቆመ ይመስላል። መሐንዲሱ መጀመሪያ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

"መልሼ ላጥፋው?" አላት ቆይቶ። "ከእኔና ካንቺ በቀር ያየው የለም።"

ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ቢያንስ ለአፍታ ያህል፣ አጥፋው ልትል አፏ ተከፍቶ ነበር። ጀግንነት አልነበረም የያዛት። መዋሸት፣ የዋሹትን ማስታወስ፣ ሻለቃን ባዩ ቁጥር ዓይን መስበር፤ ያንን ሁሉ ለመሸከም የሚሆን አቅም ራሷ ውስጥ ስትፈልግ አጣች። ደክሟታል። "ተወው" አለችው።

ቀጥላ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ከስብሰባው በፊት ከእሷ አፍ ይስሙት ብላ። ሻለቃ አዳምጠዋት ሲጨርሱ ሹራባቸው ላይ ያለውን ፍርፋሪ አንድ በአንድ ለቀሙ።

"ፈተንሽን?" አሉ።

"ራሴን ነው የፈተንኩት።"

"ሁላችንም ወድቀናል በይኛ።" ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ቀጥ ያለው ጀርባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጎበጥ ሲል አየችው። "ስማችን ይነሳል ነገ?"

"አይነሳም። ቁልፉን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"እንዳትቸገሩ ብለሽ ነዋ" አሉ ሻለቃ፤ ይቅርታም ስድብም ሊሆን በሚችል ድምፅ። ከዚያ ወደ ስክሪናቸው ዞሩ። የመጣውን ማጠቃለያ በዝግታ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሲያነቡት ትታቸው ወጣች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አድርጋ ግድግዳው ላይ አበራቻቸው። የስብሰባው ክፍል መስኮቶች ሰፋፊ ናቸው፤ ፀሐዩ ፊት ለፊት ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ብዙ አልተናገረችም። የቱ የትናንት፣ የቱ የቀደመው እንደሆነ፣ በሁለቱ መካከል የተለወጠው የቁልፉ ቦታ ብቻ እንደሆነ አስረዳች።

አለቃዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። "ይሄ ሁሉ ጣት ነው?" አለች።

"ጣት ነው።"

"ቁልፉን እዚያ ያደረገው ማን ነው?"

"እኔ።"

ከሆስፒታሉ ጋር የሚደራደረው የሽያጩ ሰው በአፍንጫው በረዥሙ ተነፈሰ። መሐንዲሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። "ሌላ ቦታ እናድርገዋ! ይሄ ምን ችግር አለው?" አለ የሽያጩ ሰው።

"ሌላ ቦታ ብናደርገው በወሩ እጃቸው ይለምደዋል" አለ መሐንዲሱ ቀና ሳይል። "በዚህ ዓይነት አይቻልም።" ያን ጊዜ ማንም አልሳቀበትም።

አለቃዋ የሽያጩን ሰው ለሆስፒታሉ ደውሎ ቀጠሮውን እንዲያራዝም አስወጣችው። ሌሎቹም ተከትለው ወጡ። ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ወንበሯን ስባ አጠገቧ መጣች። ዛሬ ፈጠን ፈጠን አላለችም።

"ብናደድብሽ ይሻለኝ ነበር" አለቻት። "ስለ ዛሬ ምን ብዬ ለበላዮቼ እንደምነግር አላውቅም። አላሰናብትሽም። ግን አላጸድቅልሽምም፤ አልችልም። የሙከራ ጊዜሽ ይራዘማል።"

"እሺ።"

"ሰዎቹ በጣት ሳይሆን በዓይን የሚመልሱበትን መንገድ አምጪልኝ። እዚህ ቁጭ ብለን አናገኘውም። ወርደሽ አብረሻቸው ተቀመጪ።" ትንሽ አመነታች። "ጣቱ ብቻውን የሚሠራው መቼ ነው፣ ይበልጥ?"

ሴትዮዋ መልሱን ታውቀዋለች። ሌላ ሰዓት ልትጠራ ትችል ነበር፤ ማን ይከራከራታል? "ሌሊት" አለች።

"እንግዲያው ሌሊት። እስኪገኝ ድረስ።" አለቃዋ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። "ወንበርሽ ግን እዚህ ነው።"

ከስብሰባው ክፍል ወጥታ ወንበሯን አየችው። መስኮቱ ሥር ነው። የጀርባው ድጋፍ ላይ ሹራቧ ተንጠልጥሏል። ሹራቡን አንስታ ወጣች፤ ምድር ቤት ይበርዳል።

ቤት ስትገባ ገና ከሰዓት ነበር። ባሏ ፊቷንና በእጇ የያዘችውን ሹራብ አይቶ ነገሩ ገባው። ተነስቶ የመኪናውን ክር በጠሰ፣ ሽፋኑን አለበሰው፣ በሁለት እጁ ጎንና ጎኑን ያዘ።

"ተወው" አለችው።

"ትተኚ የለም እንዴ? ሌሊት ልትወጪ አይደል?"

"እዚያው ይሁን ነው የምልህ። ስፋ።"

"ከልብሽ ነው?"

"ወደዚያ ጨለማ ከመለስከው እኔም አልተኛም። ለጊዜው ነው አሉኝ።" ለጊዜው የሚለውን ቃል ራሷ ብታምነው ደስ ባላት። "ሁላችንም አብረን ምድር ቤት መግባት የለብንም።"

መጋረጃውን ጋርዳ፣ ልብሷን ሳትቀይር ተጋደመች። ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ትንሽ ይጮህና ያቆማል። ትንሽ ይጮህና ያቆማል። ሰውየው እግሩን እየሰሰተ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ፤ የጀመረችው ወሬ መሐል ላይ ተቆረጠ። አባቷ "እሽሽ" ሲላት ተሰማ። ከዚያ ያ የድሮው ሹክሹክታ መጣ። "ተኛች? እንደ ድሮው ነው?" ስትል ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች። ጫማዋን አውልቃ በጣቷ ስትራመድም ሰማች። ምንም ያልረሳ እግር ነው።

የሴትዮዋ ጣት አንሶላው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዴ ጠቅ አለ። አየችውና እጇን ትራሷ ሥር ከተተችው።

"አልተኛሁም!" ብላ ጮኸች። ድምፏ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ እዚህ አልጋ ላይ ተኝታ ጮኻ አታውቅም። "ዕቃ እጠቢ! አንተም ስፋ! ቤቱን ምን አፈናችሁት?"

 ሁለቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ በግድግዳው አሻግራ ያየቻቸው መሰላት። ከዚያ ውኃው ተከፈተ፤ አንድ ድስት ከሌላው ጋር ሆን ተብሎ ተጋጨ። ባሏ ሲስቅ ተሰማ፤ መኪናውም ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ሳይቆም፣ ረዥሙን ስፌት ዳር እስከ ዳር ሄደው።

እንቅልፍ አልወሰዳትም። ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ መውጫዋ ሰዓት ድረስ ሲንጫጩ አዳመጠቻቸው።